ሦስት ቀን የዘነበባት ከተማ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። በዚህ ጭቃ ከጅማችን ሰፈሮች፣ ከጅሬንም ከፈረንጅ አራዳም ለመጣችሁት ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ሪፖርቱ ከመነበቡ በፊት ስለ አንዲት ከተማ ላጫውታችሁ። ሲዋ ትባላለች። በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ፣ ከሊቢያ ድንበር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በታች የምትገኝ የምንጭና የተምር አገር ናት። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ያን ሁሉ አሸዋ አቋርጦ የሄደው እዚያ ባለው የአሞን ቤተ መቅደስ ትንቢት ለመጠየቅ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ቤታቸው ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ሻሊ የምትባለውን አሮጌ ከተማቸውን ኮረብታ ላይ ሲሠሩ፣ ከጨው ሐይቁ ዳር ጨው ያዘለ ጭቃ እየቆረጡ ነበር የሚገነቡት። ከርሺፍ ይሉታል። ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፤ ግድግዳው ላይ የጨው ቅንጣት ያብለጨልጫል። አያቶቻችን ሄርማታ ገበያ የተገበያዩበትን አሞሌ አስቡና ቤት ሥሩበት። ጨው ደግሞ ውሃ አይችልም። በፈረንጆቹ 1926 ሦስት ቀን ዘነበ። ሦስት ቀን ብቻ! እኛ ክረምቱን ሙሉ የለመድነው ዝናብ እዚያ የስንት መቶ ዓመት ቤት አቀለጠ፤ ሰዉም ከኮረብታው ወርዶ ታች አዲስ ቤት ሠራ።

የዛሬ ችግራቸውም የውሃ ማነስ አይደለም፣ መብዛት ነው። ሲዋ ጎድጓዳ ስለሆነች ውሃዋ መውጫ የለውም። ድሮ የምንጩን ውሃ ተራ ጠብቀው ይካፈሉ ነበር። ኋላ ጉድጓድ በየቦታው በዘፈቀደ ሲቆፈር፣ ከማሳ የተረፈው ውሃ እዚያው ተኛ፤ ጨው አወጣና የተምሩንና የወይራውን ሥር ጎዳ።

ይህን ሳነብ ወንዛችን አዌቱ መጣብኝ። ባለፈው ሳምንት ድልድዩ ላይ ቆሜ ነበር። ፌስታል ቅርንጫፍ ላይ ተጠምጥሞ፣ የውሃ ጠርሙስ ዳር ዳሩን ተከምሮ፣ አንድ ልጅ እዚያው መሃል እግሩን ይታጠባል። በከተማችን መሃል ወንዝ እያለፈልን እንዲህ መሆኑ ያመኛል። ዘንድሮ የአዌቱ ዳር ጽዳት ከሁሉም እንዲቀድም የምጠይቃችሁ ለዚህ ነው፤ አካፋና ጓንት ያላችሁ ዛሬውኑ ተመዝገቡ።

አንድ ልጨምር። ሲዋዎች በየዓመቱ በጥቅምት ገደማ፣ ጨረቃ ስትሞላ፣ ደክሩር ተራራ ሥር ተሰብስበው ሦስት ቀን አብረው ይበላሉ። ሲያሐ ይሉታል። የተጣላ የሚታረቀው ያን ጊዜ ነው። እዚህም በመዋጮ ጉዳይ የተኳረፋችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ምሳው የሚቀርበው በትልቅ ትሪ ነው፤ ጎን ለጎን ተቀመጡልኝ።