መጀመሪያ መዝገቡ

የተከበራችሁ የደብረ ብርሃን ነዋሪዎች፣ በዚህ ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ልጆቻችን «የፓራሹት ዝላይ ክበብ እናቋቁም» ብለው ሲመጡ መጀመሪያ የጠየቁኝ የዕቃውን ዋጋ ነው። አልፈርድባቸውም። ጣርማበር አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ደብረ ሲናን ያየ ሰው መብረር ያምረዋል። እኔ ግን ስለ መዝገብ ነው የማወራው።

እንግሊዞች የዘላዮች ማኅበራቸውን ያቋቋሙት በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካኖችም ዩኤስፒኤ የሚሉት አላቸው። ሥራቸውን ስታዩት የኛን ዕድር ይመስላል። መዋጮ አለ፤ ደንብ አለ፤ ደንብ የጣሰ ይቀጣል። መዋጮው ውስጥ ኢንሹራንስ አለበት። ዘላዩ ነፋስ ገፍቶት የሰው ጣሪያ ላይ ቢያርፍ ባለቤቱ ካሣ የሚጠይቅበት አለው ማለት ነው።

የመንዝ ልጅ ወኔ እንደማያንሰው አውቃለሁ። እዚያ ግን ወኔ ፈቃድ አያሰጥም። ዩኤስፒኤ የመጀመሪያውን ፈቃድ፣ «ኤ» የሚባለውን፣ ለመስጠት ቢያንስ 25 ዝላይ ይጠይቃል። ለመጨረሻው፣ ለ«ዲ»፣ 500።

አሁን እኔን የምትገርመኝን ነገር ልንገራችሁ። ዘላይ ሁለት ጃንጥላ ያዝላል። ዋናውን ራሱ ማጠፍ ይችላል። መጠባበቂያውን ግን የሚያጥፈው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ባይከፈት እንኳ ቢበዛ በየ180 ቀኑ ይፈታል፣ ይመረመራል፣ እንደገና ይታጠፋል። ባለሙያው ሲጨርስ ቀይ ክር ያስርበትና በትንሽ የእርሳስ ብረት ያትመዋል። ካርዱ ላይም ይፈርማል። ክሯ ተበጥሳ ከተገኘች ጃንጥላው ወደ ባለሙያው ይመለሳል። የልብስ መስፊያ ክር የምታህል ነገር እኮ ናት!

ሌላም አለ። አደጋ ሲደርስ ማኅበሩ እንዴት እንደደረሰ ጽፎ ለአባላቱ ያሳትማል። እኛ ጋ ጥፋት መሸፋፈን ይቀናናል። እዚህ ላይ ብዙ ይቀረናል።

ደግሞ የነሱን ደንብ ገልብጠን አንገላገልም። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር የተከፈተ ጃንጥላም ይፈጥናል፤ መሬቱ ሳታስበው እግርህ ሥር ይደርሳል። ቢሾፍቱ ላይ በደህና ያረፈ ልጅ እዚህ ቁርጭምጭሚቱን ሊሰብር ይችላል። ይህን ማን ይጽፍልናል? ራሳችን ነን።

ስለዚህ ልጆች፣ ከጃንጥላው በፊት አንድ ወፍራም መዝገብ ግዙ። ዋጋውን እኔ እችላለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን የዘላይ ስም እንዳላይ። መጠባበቂያውን ማጠፍ ሊማር የፈቀደውን ልጅ ስም ጻፉልኝ።

አመሰግናለሁ።