በሁለት ሳይክል ወደ ቅዱስ ያዕቆብ

አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?

አስተባባሪዎቹ ስለ ጉዟችን እንድንናገር ሲጠይቁን ባለቤቴ፣ "አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ሳይክል ገፍቻለሁ" አለ። ያውና፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይስቃል። የገፋው የራሱን ነው። የኔን የገፋሁት እኔው ነኝ። ይሄ ይመዝገብልኝ።

የሄድንበት መንገድ ካሚኖ ይባላል። በስፓንኛ "መንገድ" ማለት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። መድረሻው በሰሜን ምዕራብ ስፔን ያለችው ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ናት። የሐዋርያው የያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ አፅም በካቴድራሏ አርፏል ብለው ካቶሊኮች ያምናሉ፤ ሰው ከ1000 ዓመት በላይ ተጉዞበታል። "የካቶሊክ መንገድ ላይ ምን ወሰዳችሁ?" ያላችሁኝ አላችሁ። ሐዋርያው የእኛም ነው። ስንክሳራችን ሚያዝያ 17 ያስበዋል።

የተነሳነው ፈረንሳይ ውስጥ ካለችው ከሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ነው። እስከ ሳንቲያጎ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ14 ቀን ደረስን። ቁልቢን በእግራችሁ የሄዳችሁ ሰዎች ፊት ይህን ማውራት ትንሽ ያሳፍራል። እዚያም ቢሆን ሳይክለኛ አይከበርም። አልቤርጌ በሚባሉት የተሳላሚ ማደሪያዎች፣ በተለይ በመንግሥቶቹ፣ ቅድሚያው የእግረኛ ነው። ሳይክለኛ ደጅ ቆይቶ አልጋ ከተረፈ ይገባል። ጉዞውን ለጨረሰ የሚሰጠው የምስክር ወረቀትም እንደዚያው ነው፤ እግረኛ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ ይበቃዋል፣ ሳይክለኛ ግን 200። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። አንድ ማታ አንዲት አሮጊት ካልሲያቸውን ሲያወልቁ አየሁ። ተረከዛቸው ጥሬ ሥጋ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ደጅ ስጠብቅ አላጉረመረምኩም።

አሁን ወደ ባልና ሚስቱ ነገር ልምጣ። ፀቡ የተጀመረው በመጀመሪያው ቀን ነው። ከቫልካርሎስ ወደ ኢባኜታ የሚወጣው ዳገት 1057 ሜትር ላይ ነው የሚያልቀው። እሱ ፈጣን ነው፣ ቀድሞኝ ይወጣና ይቀመጣል። ውሃውን ይጠጣል፣ ብርቱካኑን ይልጣል። እኔ እያለከለክሁ ስደርስ "መጣሽ? በይ እንሂድ" ብሎ ይነሳል። እሱ አርፎ ይነሳል፣ እኔ ሳላርፍ። ይህን ለማስረዳት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ "ከዛሬ ጀምሮ ከፊት የምነዳው እኔ ነኝ" አልኩት። ከቡርጎስ በኋላ በሚመጣው ሜዳ፣ ሜሴታ በሚሉት፣ ሁለት ቀን ሙሉ "እንቅልፍ ወሰደኝ" እያለ ከኋላዬ ተከተለኝ።

ቁልቁለት ላይ ግን ስምምነቱ ፈረሰ። ሰው ከቤቱ ያመጣውን ድንጋይ የሚጥልበት የብረት መስቀል አለ፣ 1500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። እኛም ጣልን። ከዚያ መንገዱ ወደ ሞሊናሴካ ይወረወራል። ባለቤቴ ፍሬኑን ለቆ ጠፋ። ኤል አሴቦ የምትባለውን መንደር ስወጣ መንገድ ዳር ከብረት የተሠራ ሳይክል አየሁ። እዚያ የሞተ የአንድ ጀርመናዊ ተሳላሚ መታሰቢያ ነው። ቆምኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ። መደወልም አልቻልኩም፣ ኔትወርክ የለም። መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ።

ብዙ ቆይቶ ሳይክሉን እየገፋ ሽቅብ ሲመጣ አየሁት። በላብ ተጠምቋል። ከተነሳን ጀምሮ ወደ እኔ ዳገት ሲወጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። "ምን ሆነሽ ነው?" አለ። መልስ አልሰጠሁትም፣ ወደ ብረቱ ሳይክል ጠቆምኩት። ሲያልፍ አላየውም ነበር። እስከ ሞሊናሴካ ድረስ ፍሬን ይዘን፣ ጎን ለጎን ወረድን። ጣቶቼ እስከ ማታ አልተዘረጉም።

ኦ ሴብሬይሮን ሁለታችንም ገፍተን ነው የወጣነው፣ አልዋሽም። ካሚኖን የሚመሩትን ቢጫ ቀስቶች በፈረንጆቹ 1984 መቀባት የጀመሩት የዚያች መንደር ቄስ ኤሊያስ ቫሊኛ ናቸው። ሐውልታቸው ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቆሟል። ባለቤቴ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ። እኔ ድንጋዩን ተደግፌ ተነፈስኩ።

በየማደሪያው የተመታባቸውን ሁለቱን የማኅተም ወረቀቶች ይዘናቸው መጥተናል። ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ ተቀባበሉና እዩአቸው። ቡናችሁን ብቻ ራቅ አድርጉልኝ።