በር ላይ የቀሩት 17 ልጆች

በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ከሰብሳቢዋ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ርዕሰ መምህርታችን፣ መምህራን፣ ከወረዳ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ። እሁድ ጠዋት የቤታችሁን ሥራ ትታችሁ ስለመጣችሁ ፈጣሪ ያክብርልኝ። ቡናው እየተቆላ ነው፣ ብዙ አልይዛችሁም።

የዓመቱን ሥራ ባጭሩ ልበል። የመጸዳጃ ቤቱ የውሃ መስመር ተጠግኗል። የአንደኛ ክፍል ጣሪያ ቆርቆሮ ተቀይሯል። ቤተ መጻሕፍቱ ሁለት መደርደሪያ አግኝቷል። አጥሩ ግማሽ ላይ ቆሟል። ዝርዝሩን ገንዘብ ያዣችን ያቀርቡታል። እኔ ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለ አንድ ቀን ነው፤ የአራተኛ ክፍል ልጆች ለትምህርት ጉብኝት ስለወጡበት ቀን። ዓመቱን ሙሉ ከልቤ አልወጣ ብሎኛል።

ኅዳር ላይ ሐሳቡ ሲቀርብ የተባለውን ታስታውሳላችሁ። የአካባቢ ሳይንስ መምህራችን «ልጆቹ ከተማ እንዴት እንደሚሠራ ወጥተው ይዩ፤ ሰውም ውሃም ዛፍም ሳይጎዳ እንዴት እንደሚያድግ ይጠይቁ» አሉ። አንድ ወላጅ ተነሥተው «አዲስ አበባን ለማየት ብር? ልጄ እኮ እዚሁ ነው የተወለደው» አሉ። ቤቱ አጨበጨበ። ሌላ ወላጅ «ይሄ ሽርሽር ነው፤ ከተማ መሥራት የመንግሥት ሥራ ነው፤ ልጆቹ ሒሳባቸውን ይማሩ» አሉ። ሁለት ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ በድምፅ ብልጫ አለፈ። ለአንድ ልጅ 200 ብር መዋጮ፣ ወላጅ የፈረመበት ቅጽ፣ ቅጹን ለመመለስ ሁለት ሳምንት።

ሽርሽር ነው ያላችሁን ሰዎች አልተቀየምኳችሁም። ግን ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ከልጆቹ ጋር ነበርኩ።

ከጦር ኃይሎች ባቡር ተሳፈርን። መምህሩ ሆነ ብለው ነው ባቡሩን የመረጡት። በ2008 ሥራ ሲጀምር እነዚህ ልጆች ገና አልተወለዱም ነበር፤ ለእነሱ ድሮም የነበረ ነገር ነው። አንዱ ልጅ በመስኮት አንገቱን አስግጎ ወደ ኋላ እያየ «ቲቸር፣ ጭሱ የት ነው የሚወጣው?» አለ። መምህሩ አልመለሱለትም። «እስኪ ፈልገው» አሉት። ከልደታ ጀምሮ ሐዲዱ ከፍ ይላል፤ የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ ከታች ይታያል። ልጁ እስከ ስታዲየም ድረስ ጭስ ሲፈልግ ቆየ። ስንወርድ ሽቦውን በጣቱ እያሳየ «በመብራት ነው!» ብሎ ጮኸ። ያንን ልጅ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ቢያስተምሩት ለፈተና ይሸመድደው ነበር። አሁን የራሱ ግኝት ሆነ።

መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ተቀምጠው መኪና ቆጠሩ። ሹፌሩ ብቻውን ያለበት መኪና በአንድ በኩል፣ ሰው የጫነ ታክሲና አውቶቡስ በሌላ በኩል። አራት ሰረዝ ቁልቁል፣ አምስተኛው አግድም፤ ደብተራቸው በሰረዝ ሞላ። ሒሳብ ይማሩ ላላችሁ፣ ይሄው ሒሳብ። ቀጥሎ መዳፋቸውን ፀሐይ የመታው አስፋልት ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ዛፍ ጥላ ሥር ያለው ንጣፍ ላይ። አንዷ ልጅ እጇን ቶሎ አንሥታ «የእኛ ግቢ እንደ አስፋልቱ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ግቢያችን ውስጥ ያሉት ዛፎች ሦስት ናቸው።

ከዚያ የተከራየነው ቅጥቅጥ አውቶቡስ መጣና ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ወሰደን። መንገድ ላይ አንድ ወንዝ ዳር ወረድን። ውሃው ምን እንደሚመስል እናንተም ታውቁታላችሁ። ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ አሮጌ ጫማ። መምህሩ መሬት ላይ በእንጨት ሣሉላቸው። ይሄ ውሃ አቃቂ ይገባል፣ ከአቃቂ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ እዚሁ አገራችን ውስጥ ብዙ ሕዝብና ከብት አጠጥቶ አፋር ምድር፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ያለው አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። የጣልነው ነገር ባሕር ገብቶ አይጠፋም ማለት ነው። ልጆቹ ዝም አሉ። እኔም ይህንን በዚህ ዕድሜዬ ያን ቀን ነው በቅጡ ያሰብኩት።

ጉለሌ ጫካ ውስጥ ወይራ፣ ጥድና ኮሶ እየዳሰሱ የከተማችንን ታሪክ ሰሙ። አዲስ አበባ በ1879 ተቆረቆረች። ብዙም ሳትቆይ ዙሪያዋ ያለው ጫካ ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ አለቀ። ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማዋን ያቆያት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ተቆርጦም መልሶ ያቆጠቁጣል። እሱም የራሱን ችግር ይዞ መጣ፤ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩም ሌላ ነገር ብዙ አያበቅልም። አንድ ከተማ በእንጨት እጦት ሊፈርስ ይችል እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? የአራተኛ ክፍል ልጆቻችን አሁን ያውቃሉ።

ከተማ የመንግሥት ሥራ ነው ለተባለውም አንድ ነገር ልበል። ቆሼ ከዚህ ሩቅ አይደለም። መጋቢት 2009 የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሲቀብር፣ ለቅሶ ከደረስነው መሐል ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁ አላችሁ። በዓመቱ ከቆሻሻ መብራት የሚያመነጭ ፋብሪካ እዚያው አጠገብ ተመረቀ። ጥሩ ነው። ያ ክምር ግን ከሰማይ አልወረደም። ከየቤታችን፣ ከየጓሯችን በጆንያ የወጣ ነው።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ።

በጉብኝቱ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ስም የምጠራው እኔ ነበርኩ። ቅጽ ያልመለሱ 17 ልጆች ነበሩ። ያልተፈረመለት ልጅ ከግቢ አይወጣም፤ ደንቡ ነው፤ ደንቡ ልክ ነው፣ የሰው ልጅ ነውና። አሥራ ስድስቱ እያጉረመረሙ ወደ ክፍል ተመለሱ። አንዲት ልጅ ቀረች። ዩኒፎርሟ ታጥቦ ተተኩሷል። ፀጉሯ አዲስ ተሠርቷል። ምሳ ዕቃዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች። ቅጹ ደብተሯ ውስጥ አራት ቦታ ታጥፎ ነበር፤ አውጥታ ሰጠችኝ። ፊርማው ቦታ ባዶ ነው። «እኔ ልፈርም?» አለችኝ።

አልቻልኩም። ሰልፉ ሲሄድ በሩን ይዛ ታየን ነበር።

በሳምንቱ እናቷ ቤት ሄድኩ። እንጀራ ጋግረው ነው የሚያድሩት። «ወረቀቱን አይቼዋለሁ፤ ብር ይላል፤ የለኝም ማለት አፍሬ ዝም አልኩ» አሉኝ። መክፈል ላልቻለ ኅብረቱ እንደሚሸፍን እኮ ቅጹ ላይ ተጽፏል! ግን የት? ታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ በቢሮ አማርኛ። ያ የእኛ ጥፋት ነው፤ ፊት ለፊታቸው ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ዛሬም በእናንተ ፊት እጠይቃለሁ። ለሚመጣው ዓመት ቅጹን ቀይረነዋል። የመጀመሪያው መስመር «ብር ባይኖራችሁም ልጁ ይሄዳል፤ ብቻ ፈርሙ» ይላል።

ከ17ቱ ውስጥ ግን የሌላቸው አራት ቤተሰቦች ብቻ ነበሩ። እየዞርኩ አረጋግጫለሁ። የቀሩት ረሱት። ወይም «ምን ያደርጋል» አሉ። ጠዋት ጠዋት ልጃቸውን በመኪና አድርሰው መስኮት እንኳን ሳይከፍቱ የሚሄዱ አሉ። በቴሌግራም ግሩፓችን ስለ ክፍያ ሲነሣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መልስ የሚጽፉ፣ ለስብሰባ ሲጠሩ ግን ስልካቸው የማይነሣ አሉ። ኅዳር ላይ ከሁሉም በላይ የተከራከሩት ወላጅ ዛሬ ወንበራቸው ባዶ ነው። እንዲመጡ ሁለቴ ደውያለሁ። ይቃወሙኝ፤ ግን መጥተው ይቃወሙኝ። እዚህ ያላችሁ ጎረቤቶቻቸው፣ ይህንን እንዳለ ንገሩልኝ። ከጀርባቸው ማማት አልፈልግም።

በዚሁ መዋጮ መጉደል የተነሣ የአምስተኛ ክፍል ጉብኝት ተሰርዟል። መምህሩ በራሳቸው ቅዳሜ ሄደው ቦታውን አይተው፣ ጥያቄዎቹን አዘጋጅተው ጨርሰው ነበር። ስነግራቸው «እሺ» ብቻ አሉ። ያ «እሺ» ከብዙ ወቀሳ በላይ ከበደኝ።

ልጆቹ ግን አልተቀመጡም። ተመልሰው መጥተው ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ሣሉ፤ የሚያስፈራውን ቦታ በቀይ፣ ጥላ ያለውን በአረንጓዴ። ሥዕሎቹ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅለዋል፣ ስትወጡ እዩዋቸው። ቀዩ በአብዛኛው የዋናው በር ፊት ነው፤ ዜብራ የለውም። የእግረኛ ማቋረጫ እንዲቀባልን በልጆቹ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ አስገብተናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው። ከአራተኛ ክፍል ጀርባ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚተኛው ውሃ ከየት እንደሚመጣም ተከትለው አገኙት፤ ቦዩ በፌስታል ተደፍኖ ነበር። ከጥበቃችን ከጋሼ ጋር ጠርገው፣ ትንሽ ቦይ ቀደው ውሃውን ወደ ዛፎቹ መለሱት። ባለፈው ማክሰኞ ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶ ክፍሉ ደጃፍ ደረቅ ነበር። በር ላይ የቀረችው ልጅ ዶማ ይዛ ፊት ነበረች።

እሷ መስከረም ላይ አምስተኛ ክፍል ትገባለች። ጉብኝቱን ለጥቅምት አድርገነዋል። አዲሱ ቅጽ እስክሪብቶ ተቀምጦለት በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሳትፈርሙ አትውጡ። ያልመጣ ጎረቤት ያላችሁ አንድ አንድ ቅጂ ውሰዱላቸውና እስከ ዓርብ አስፈርማችሁ መልሱልኝ። የእናቷን እኔ ራሴ ዛሬ ከሰዓት አደርሳለሁ።

አሁን ገንዘብ ያዣችን የሒሳብ ሪፖርቱን ያቅርቡልን። መድረኩ የእርስዎ ነው።