የተፈታው ዙር

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበታችሁ? እንደተለመደው ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ዛሬ መብራት አለ፣ ተመስገን። ብርዱን ግን አትጠይቁኝ፤ ጋቢ ተከናንቤ ነው የምቀዳው። ከጀርባዬ ኮሽ ኮሽ የሚል ነገር ከሰማችሁ እማዬ ናት። ስፌቷን ይዛ እዚሁ ተቀምጣለች። ከቤታችን ፀሐይ የሚገባው በዚህ መስኮት ብቻ ስለሆነ ተነሺልኝ ማለት አልቻልኩም።

ዛሬ የማወራውም ስለ እሷ ነው። ፈቅዳለች። «ብቻ ዋጋውን እንዳትናገሪ» ብላኛለች።

አምና ነው። ከሥራ ስመለስ እማዬ በር ላይ ተቀምጣ ሙዳይ ትሰፋለች። ስልኬን አውጥቼ እጇን ብቻ ቀረጽኩ። 40 ሰከንድ ብትሆን ነው። ወስፌው ይገባል፣ ይወጣል፣ አለላው፣ ቀለም የተነከረው ሣር፣ ይከተላል፣ ሳብ አድርጋ ታጠብቀዋለች። በቃ ይኸው ነው። ቲክቶክ ላይ ጣል አድርጌያት ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ስልኬ አብዷል። በሳምንቱ 300 ሺህ ሰው አይቷታል።

እኔ ደግሞ ይህን ፖድካስት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ግጥም እጽፋለሁ፤ የሰፈር ወግ እለቃቅማለሁ፤ ማታ ማታ ድምፅ ስቆርጥ ስቀጥል አመሻለሁ። የሚያዳምጠኝ ሰው በዛ ከተባለ 90 ነው። ከ90ው አሥሩ ዘመዶቼ ናቸው። በራሴ እናት እጅ ቀናሁ እንዴ? አዎ፣ ትንሽ ቀንቻለሁ።

ቅናቱ ግን ቶሎ ወደ ስሌት ዞረ። የሒሳብ ሠራተኛ አይደለሁ! አዲስ አበባ ያለች አንዲት የስጦታ ዕቃ ነጋዴ ደወለች። 12 ሙዳይ፣ በሁለት ወር። ቀብድ ላከች። እማዬ አንዷን ሙዳይ ደስ ካላት በሁለት ሳምንት፣ ካላሰኛት በወር ነው የምትጨርሰው። እኔ ወረቀት አወጣሁና አካፈልኩ። ሁለት ጎረቤቶቻችን ያግዛሉ። አለላውን ከገበያ የተነከረ እንገዛለን። ጥለቱ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ማሰብ እንዳይኖር። እማዬ ዝም ብላ ሰማችኝ። ዝምታዋን እሺታ አድርጌ ያዝኩት።

ስፌት ቀላል የሚመስለው ለተመልካች ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ደርሶ ስንደዶው ይነቀላል። ይደርቃል፣ ከፊሉ ቀለም ይነከራል። እማዬ የራሷን ራሷ ነክራ፣ በየቀለሙ አስራ አልጋ ሥር ታስቀምጠዋለች። ስትሰፋ ውሃ ታስነካዋለች፤ የደረቀው ይሰበራላ። ወስፌው የከፈተው ቀዳዳ ሳይጠብ አለላው ካልገባ ሥራው ይላላል። ጥለቱ ደግሞ ቁጥር ነው። አንዲት ቦታ ከተሳተች እዚያው አያስታውቅም። ሁለት ሦስት ዙር ካለፈ በኋላ ነው ጫፉ ከጫፉ አልገጥም የሚለው። ያኔ ያለው አማራጭ መፍታት ነው። የፈታችሁት አለላ ደግሞ ተጣጥፏል፣ ተሰነጣጥቋል፤ አብዛኛው ይጣላል።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማታ ቤት ስገባ እማዬ ልታልቅ የደረሰች ሙዳይ ትፈታለች። አየኋት። ጥለቱ ያልገጠመው በአንዲት ስፌት ነው። በአንዲት! «እማዬ በሞቴ፣ ይሄን ማን ያየዋል?» አልኳት።

ቀና እንኳ አላለችም። «አንቺስ» አለች፣ «ሌሊት ሌሊት አንዷን ቃል አሥሬ የምትደጋግሚያት ማን ሰምቶሽ ነው?»

ግድግዳችን ስስ ነው። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ስትሰማኝ ኖራለች።

በሁለት ወሩ ሰባት ሙዳይ ደረሰ። የቀረውን ቀብድ መለስኩ። ነጋዴዋ ተቆጣች፤ እውነቷን ነው፣ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። እማዬ የሰባቱን ሒሳብ ሳንቲም ሳታጎድል ተቀበለች። እንደውም ለመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጭማሪ ጠየቀች። ሥራውን ትወደዋለች ማለት ገንዘቡን ትጠላለች ማለት እንዳይመስላችሁ። ገበያ ላይ ከእሷ ጋር ዋጋ የተከራከረ ያውቃታል።

እኔም ብሆን ደሞዜን አልለቅም። «ሥራሽን ጥለሽ ህልምሽን ተከተዪ» የሚሉኝ አሉ። የሚሉኝ በአብዛኛው የቤት ኪራይ የማይከፍሉ ናቸው። ይህን ማይክ የገዛልኝ ደሞዜ ነው።

ጓደኞቼ ሲያጽናኑኝ ሐዲስ ዓለማየሁን ይጠሩልኛል። የኛው ሰው ናቸው፤ እዚሁ ከማርቆስ አካባቢ። በ1902 ተወልደው ያን ትልቅ ልቦለዳቸውን ያሳተሙት በ1958 ነው። «አየሽ፣ 56 ዓመታቸው ነበር» ይሉኛል። ደስ ይላል። ግን ሳስበው፣ ይሄ ያው ስለ መሳካት ነው የሚያወራው፤ ዘግይቶ መሳካት። ባይሳካስ ኖሮ?

እኔ የምመላለስባት ሌላ ሰው ናት። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ። እሳቸውም የጎጃም ናቸው። በልጅነታቸው ዓይናቸው ጠፋ። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። ልጅቷ ቅኔን በጆሮዋ ያዘችው። ኋላ ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ቅኔ አስተማሩ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን መጀመሪያው ነው። ሴት ማሕሌት አትቆምም። ቅኔ ብታውቅ በዓል ቀን መሐል ገብታ አትቀኝም፤ ደብተራ አትሆን፣ መሪጌታ አትሆን። ታዲያ ያቺ ልጅ ምን ልትሆንበት ነበር የተማረችው?

የእናቴ አባት በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር። ዲማ ሁለት ዓመት ቆይቶ ተመልሷል። ከቅኔው ይልቅ ረሃቡን፣ ውሻውንና ቁንጫውን ነበር የሚያወራን፤ ስለዚህ ብዙ አላሳምረውም። አንድ ነገር ግን ይለን ነበር። ተማሪዎቹ ጠዋት ጫካ ይገባሉ። ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ቅኔ ይቆጥራሉ፤ ይፈጥራሉ ማለት ነው። ጉባኤ ቃና የሚሏት የቅኔ ዓይነት እኮ ሁለት ቤት ናት፤ ሁለት መሥመር! ማታ ለየኔታ ይነግራሉ። ተበላሽታለች ከተባሉ በነጋታው እንደገና ጫካ። ሰምሮላቸው ቤተ ክርስቲያን ላይ ቢቀኙ ደግሞ «ይበል!» ይባላል፣ ያልቃል። ለሚቀጥለው በዓል ያንኑ ይዘው አይመጡም፤ ነውር ነው። አዲስ መቁጠር አለባቸው።

አያቴ «ይበል» የተባለባትን አንዲት ቅኔ እንኳ አያስታውስም ነበር። ጫካውን ግን ያስታውሰዋል። የትኛው ዛፍ ሥር እንደሚቀመጥ፣ ቃሉ እስኪመጣለት በየትኛው እጁ ቅጠል እንደሚቆርጥ።

እኔም ያቺን ቪዲዮ ስንት ሰው እንደወደዳት ረስቼዋለሁ። እማዬ መጀመሪያውንም አልጠየቀችኝም።

አሁን ትልቅ መሶብ ይዛለች። አራተኛ ወሯ ነው። ማንም አላዘዛትም። «ለማን ነው?» ብላት «እስኪ መጀመሪያ ይለቅ» አለችኝ። ለፋሲካ ይደርሳል ብላን ነበር።

ቆይ፣ ማይኩን ላስጠጋው። ይሰማችኋል? ይሄ መስፋት አይደለም፤ የመስፋት ድምፅ ሌላ ነው። እየፈታች ነው።