«ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» የምንላቸው ኪኒኖች

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ከሥራዬ ጋር ስለተያያዘ ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ፋርማሲስት ነኝ፤ አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው።

ከኮቪድ ወዲህ አንድ ነገር በዝቷል። ሰው ብልቃጥ ይዞ ይመጣል። ከአሜሪካ፣ ከጀርመን ወይም ከዱባይ በሰው ሻንጣ የመጣ። ፊት ለፊቱ ላይ «ኢሚዩን» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ በሽታ የመከላከል አቅምን ያጠነክራል ለማለት ነው። አንዳንዱ «ይሄ ለምንድነው? ልውሰደው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ብዙው ግን መውሰድ ከጀመረ ቆይቷል። የመጣው አልቆበት፣ እኛ ጋ ይገኝ እንደሆነ ሊያይ ነው። ሌላ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ስጠይቀው ይገርመዋል። «እንዴ፣ ቫይታሚን እኮ ነው! ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» ይለኛል።

በዚህ አባባል አልስማማም። አንድ ነገር ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ ለውጥ ማምጣት ከቻለ፣ ሲበዛ ወይም ከሌላ ነገር ጋር ሲገናኝ መጉዳትም ይችላል። በዚህ በኩል መድኃኒቱም፣ ቫይታሚኑም፣ ቅጠሉም አንድ ናቸው።

ዚንክን እንውሰድ። ዚንክ የግድ ያስፈልገናል። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከኦ አር ኤስ ጋር ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጠው ስለሚሠራ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ነው። ግን ልብ በሉ፣ ቀኑ የተቆረጠ ነው። ለጤነኛ አዋቂ ወንድ በቀን 11 ሚሊግራም፣ ለሴት 8 ሚሊግራም ይበቃል። ይህን ደግሞ ከሥጋ፣ ከሽምብራ፣ ከምስር ማግኘት ይቻላል። እንጀራችንም ውለታ አለው። ሊጡ ሲቦካ ዚንኩን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የሚባለው ነገር ይቀንሳል፤ ሰውነታችን ዚንኩን በቀላሉ ያገኘዋል። እናቶቻችን ኬሚስትሪውን ባይማሩትም ሥራውን ሲሠሩት ኖረዋል።

በአሜሪካ ለአዋቂ የተቀመጠው ጣሪያ በቀን 40 ሚሊግራም ነው። አውሮፓውያን ደግሞ 25 ላይ ያቆሙታል። አሁን ብልቃጡን አዙሩትና የኋላውን እዩ። በአንድ ፍሬ 50 ሚሊግራም የያዘ ዚንክ እንደ ልብ ይሸጣል። ለሁለት ሦስት ቀን ቢወሰድ ማቅለሽለሽና አፍ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ያመጣ ይሆናል፣ ከዚያ ያልፋል። ለወራት ሲወሰድ ነው ችግሩ። ዚንክ ሲበዛ የአንጀታችን ሴሎች አንድ ፕሮቲን በብዛት ያመርታሉ። ይህ ፕሮቲን ከዚንኩ ይልቅ መዳብን አጥብቆ ይይዛል። ሴሎቹ ረግፈው ከሰገራ ጋር ሲወጡ መዳቡም አብሮ ይወጣል። ሰውነት መዳብ ሲያጣ ደም ማነስ ይመጣል። ነጭ የደም ሴሎችም ይቀንሳሉ፤ በተለይ ባክቴሪያን ቀድመው የሚዋጉት ኒውትሮፊሎች። እግር ይደነዝዛል፣ አረማመድ ይበላሻል። የደሙ ችግር ዚንኩ ሲቆምና መዳብ ሲተካ ይስተካከላል። የነርቩ ግን ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

እስቲ አስቡት። ሰውየው ኪኒኑን የሚወስደው በሽታ እንዳይደፍረው ነው። ኪኒኑ ግን የሚከላከሉለትን ሴሎች እየቀነሰበት ነው። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ሲታመም የሚያደርገውን አውቃለሁ። ይጨምራል። በአሜሪካ ዚንክ ያለበት የሰው ሠራሽ ጥርስ ማጣበቂያ ለዓመታት አብዝተው የተጠቀሙ ሰዎች ላይ ይኸው የነርቭ ጉዳት ታይቷል። አፍንጫ ውስጥ የሚደረግ የዚንክ ጄልም ነበር፤ ጉንፋን ያሳጥራል ተብሎ የሚሸጥ። ማሽተት ያቃታቸው ሰዎች ሪፖርት ሲበዛ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ሰዎች እንዳይጠቀሙት አስጠነቀቀ።

ሰው አንዱን ብቻ ቢወስድ ደግሞ ጥሩ ነበር። አንዲት እናት ፌስታል ይዘው መጡና ሦስት ብልቃጥ ባንኮኒው ላይ ደረደሩልኝ። «እማማ፣ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ነው የሚወስዱት?» አልኳቸው። «አዎ የኔ ልጅ፣ ጠዋት ከቁርስ ጋር ነው። ልጄ ናት የላከችልኝ፣ እግዜር ይስጣት» አሉኝ። አንደኛው መልቲቫይታሚን ነው፤ ዚንክ 11፣ ቫይታሚን ዲ 25 ማይክሮግራም። ሁለተኛው «ኢሚዩን» የሚለው ነው፤ ቫይታሚን ሲ 1000 ሚሊግራም፣ ዚንክ 15፣ ቫይታሚን ዲ 125 ማይክሮግራም። ሦስተኛው ዚንክ ብቻ ነው፣ 50 ሚሊግራም። ደመርኩት። ዚንኩ 76 ሚሊግራም ሆነ። ቫይታሚን ዲው 150 ማይክሮግራም። የዲ ጣሪያ ሐኪም ካላዘዘ በቀር 100 ነው። አንዳንዱ ብልቃጥ «አይ ዩ» በሚባለው መለኪያ ስለሚጽፈው ሰው ይምታታበታል፤ 100 ማይክሮግራም ማለት 4000 አይ ዩ ነው።

እማማ የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ያለ፣ ርካሽና ጥሩ መድኃኒት። ይህ መድኃኒት ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ ይይዛል። ቫይታሚን ዲ ደግሞ ካልሲየም ከአንጀት በብዛት እንዲገባ ያደርጋል። ሁለቱ ሲገናኙ ደም ውስጥ ካልሲየም ሊከማች ይችላል። ውኃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት፣ የሆድ ድርቀት፣ ድካም፣ ሲብስም የኩላሊት ጉዳት። አንድ ትልቅ ሰው «ደከመኝ፣ ውኃ ውኃ ይለኛል» ቢሉ ማን ቫይታሚንን ይጠረጥራል? ዕድሜ ነው ይባላል። ስኳር ነው ይባላል።

ቫይታሚን ሲን ቶሎ ልለፈው፣ ከሌሎቹ የዋህ ነው። በቀን ከ2000 ሚሊግራም ሲያልፍ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ያመጣል፤ የኩላሊት ጠጠር የሚያጠቃው ሰውም ሊጠነቀቅ ይገባል። ጥቅሙንም በልኩ እንየው። ዘወትር መውሰዱ አብዛኛውን ሰው ከጉንፋን አያድንም። ጉንፋኑን በአዋቂ ላይ በ8 በመቶ ገደማ ያሳጥረዋል። የሳምንት ጉንፋን ከሆነ ግማሽ ቀን መሆኑ ነው።

ቫይታሚን ኤ ላይ ግን ለነፍሰ ጡሮች አጥብቄ እናገራለሁ። ሬቲኖል የሚባለው ዓይነት በቀን ከ3000 ማይክሮግራም በላይ ሲወሰድ ፅንሱ ላይ የአፈጣጠር ጉድለት ሊያመጣ ይችላል። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ለማርገዝ ካሰባችሁ፣ ሰው የላከላችሁን ሳይሆን ክትትል የምታደርጉበት ጤና ተቋም ያዘዘላችሁን ውሰዱ።

«እኔ ኪኒን አልወድም፣ የተፈጥሮ ነው የምወስደው» የሚሉም አሉ። በኮቪድ ጊዜ ዝንጅብሉም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ፌጦውም በየቤቱ ሲፈላ ነበር። በምግብ ልክ እስከሆነ ድረስ ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም። የተጨመቀው ግን ሌላ ነው። ወጥ ውስጥ ያለ እርድና ኪኒን ውስጥ ያለ የእርድ ጭማቂ እንደ ጠላና እንደ አረቄ ናቸው። አንዳንድ አምራቾች ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ብለው የቁንዶ በርበሬ ጭማቂ ይጨምሩበታል። በ2019 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ የእርድ ኪኒን የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው ተቆጥቶ ተገኝቷል። ነጭ ሽንኩርት በኪኒን መልክ ሲሆን የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል። የልብ ቫልቭ ተቀይሮላቸው ደም ማቅጠኛ፣ ዋርፋሪን፣ የሚወስዱ ወጣቶች በአገራችን አሉ። ለእነሱ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ጋ ደረስኩ። በአገራችን ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች በመጀመሪያ ደረጃ የሚወስዱት ኪኒን ዶሉቴግራቪር አለበት። በጣም ጥሩ መድኃኒት ነው። ነገር ግን እንደ ካልሲየምና ብረት ያሉ ማዕድናት ሆድ ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ በባዶ ሆድ የሚወስድ ሰው ኪኒኑን መውሰድ ያለበት ካልሲየም ወይም ብረት ያለበትን ቫይታሚን ከመውሰዱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም ቫይታሚኑን ከወሰደ 6 ሰዓት ቆይቶ ነው። ከምግብ ጋር ከሆነ ሁለቱን አብሮ መውሰድ ይቻላል። ሲያውቁት ቀላል ነው። ችግሩ የት አለ መሰላችሁ? ብዙ ሰው ይህን መድኃኒት የሚወስደው ለቤተሰቡ ሳይናገር ነው። ውጭ ያለችው እህት ወንድሟ ከሳብኝ ብላ በፍቅር ቫይታሚን ትልካለች። እሱም ደስ እንዲላት ይወስዳል። ላኪዋ መድኃኒቱን አታውቅም፣ ክሊኒኩ ደግሞ ቫይታሚኑን አያውቅም። ከሲፕሮፍሎክሳሲንና ከዶክሲሳይክሊን ጋርም ዚንክና ብረት ይኸው ጠባይ አላቸው፤ አንቲባዮቲኩ ሳይሠራ ይቀርና ሰው «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ይላል።

ላኪዎችን አልወቅስም። በአሜሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው ሕግ እነዚህ ምርቶች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት እንደ መድኃኒት ደኅንነታቸውም ጥቅማቸውም ተመርምሮ አይፈቀድም። ገዢው መደርደሪያ ላይ ሲያየው የተፈተሸ ይመስለዋል። በሻንጣ ሲገባ ደግሞ የኛም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አያየውም።

ታዲያ ይጣል ወይ? አይደለም። ቫይታሚን ዲ የጎደለው ሰው ዲ ያስፈልገዋል፤ ብረት ያነሳት ሴት ብረት ያስፈልጋታል። የጀመራችሁትን ብልቃጥ ግን በሙሉ ሰብስባችሁ ለሐኪማችሁ ወይም ለፋርማሲስት አሳዩ። መያዝ ካስቸገረ የኋላውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ መጠኑና «በአንድ ጊዜ ስንት ፍሬ» የሚለው እንዲታይ አድርጋችሁ። ውጭ ያላችሁ ደግሞ የወንድማችሁን ምስጢር መጠየቅ አይጠበቅባችሁም። ከመላካችሁ በፊት ቁራጭ ወረቀት ላይ በአማርኛ «ሳትጀምሩት ፋርማሲ አሳዩት» ብላችሁ ጻፉና ብልቃጡ ላይ ለጥፉት።