ቪዛ ከፈተና ይቀድማል፦ ስለ እንግሊዝ ግራመር ትምህርት ቤቶች የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በእንግሊዝ አገር ተማሪዎችን በፈተና እየመረጡ የሚያስተምሩ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ግራመር» ይባላሉ። ቁጥራቸው 163 ሲሆን በተለይ በኬንት፣ በሊንከንሻየርና በቡኪንግሃምሻየር በብዛት ይገኛሉ። ከወላጆች አንዱ ለሥራ ወደዚያ ሄዶ ልጆቻቸው በአዲስ አበባ ዙሪያ የቀሩ ቤተሰቦች ስለ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ደጋግመው ስለሚጠይቁን፣ የትምህርት አማካሪያችን በቅዳሜው ፕሮግራም የሰጧቸውን መልሶች በጽሑፍ አቅርበናል።

ከለገጣፎ የደወሉ አባት፦ ትምህርት ቤቶቹ ክፍያቸው ስንት ነው?

ለትምህርቱ ክፍያ የለም። ገንዘብ የጠየቀዎት ሰው ካለ ደላላ ነው።

ከሱሉልታ የደወሉ እናት፦ ባለቤቴ ኬንት ውስጥ በነርስነት ይሠራል፤ እኛም በእርሱ ቪዛ ሐምሌ ላይ እንሄዳለን። ልጃችን 10 ዓመቷ ነው። ለፈተናው የምናስመዘግባት ስንደርስ ነው?

ሐምሌን ከጠበቁ ምዝገባው ያመልጥዎታል። በኬንት የፈተናው ምዝገባ በአብዛኛው የሚካሄደው በጁን ወር ስለሆነ፣ እናንተ እዚህ ሻንጣ በምታሰናዱበት ጊዜ አባትየው እዚያ ሆኖ በኢንተርኔት ሊያስመዘግባት ይገባል። ፈተናው በሴፕቴምበር ይሰጣል፤ ውጤቱም በኦክቶበር አጋማሽ ይነገራል። ብዙ ወላጆች የሚዘነጉት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው፦ ፈተናውን ማለፍ ብቻውን ቦታ አያስገኝም። የምትፈልጉትን ትምህርት ቤት የሚገልጽ ሌላ ማመልከቻ እስከ ኦክቶበር 31 ድረስ ለካውንስሉ፣ ማለትም ለአካባቢው አስተዳደር መግባት አለበት፤ መልሱም ማርች 1 ይመጣል።

ቀን በተነሣ ቁጥር «በማን አቆጣጠር?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዲት እናት ኦክቶበርን «ጥቅምት» ብለው ተርጉመው ቀኑ ጥቅምት 31 መሆኑን ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ጥቅምት 31 የሚባል ቀን ስለሌለ «የወሩ መጨረሻ ማለታቸው ነው» ብለው እስከ ጥቅምት 30 ቆዩ። ኦክቶበር 31 ግን ጥቅምት 21 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት ደግሞ ጥቅምት 20 ይሆናል። ዘግይቶ የገባ ማመልከቻ በወቅቱ ከገቡት በኋላ ስለሚታይ፣ ልጅቱ ፈተናውን አልፋ እያለች ቦታው ለሌሎች ተሰጠ።

ከሰበታ የደወሉ አባት፦ ልጄ የተወለደው ነሐሴ 27 ነው። ስንተኛ ክፍል ይገባል?

በማን አቆጣጠር? በእኛ ከሆነ ሴፕቴምበር 2 ማለት ነው። በእንግሊዝ ልጆች በክፍል የሚመደቡት በዕድሜ እንጂ እዚህ ባጠናቀቁት ክፍል አይደለም፤ መቁረጫውም ኦገስት 31፣ ማለትም ነሐሴ 25 ነው። ሁለት ቀን ቀድሞ ቢወለድ ኖሮ አንድ ዓመት ቀድሞ ይፈተን ነበር፤ አሁን ግን የዓመት መዘጋጃ ጊዜ አትርፏል። ስለዚህ ዕድሜውን ለመቀነስም ሆነ ለመጨመር እንዳይሞክሩ አደራ እላለሁ። በፓስፖርቱ፣ በቪዛ ማመልከቻውና ከወሳኝ ኩነት በሚያወጡት የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ያለው ቀን አንድ መሆን አለበት።

ከቡራዩ የደወሉ እናት፦ የአክስቴ ልጅ በርሚንግሃም ትኖራለች። «ልጅሽን በጉብኝት ቪዛ ላኪው፤ በእኔ አድራሻ ተመዝግቦ ይፈተናል፤ ካለፈ በዚያው ይቀራል» ትለኛለች። ደላላውም ትምህርት ቤቱ ከተቀበለው ቪዛው ይቀየራል ብሎኛል።

እኅቴ፣ አያድርጉት። ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ በየሳምንቱም መልሴ ይኸው ነው፦ ቪዛ ከፈተና ይቀድማል።

ደላላው ያሳመነዎት ግማሽ እውነት ይዞ ስለመጣ ነው። የእንግሊዝ የትምህርት ቤት ቅበላ ደንብ ልጅን በዜግነቱ ወይም በመኖሪያ ፈቃዱ ምክንያት መከልከልን አይፈቅድም፤ ልጁ በያዘው ቪዛ መማር መቻሉን የማረጋገጥ ኃላፊነት ደግሞ የወላጅ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ቪዛውን ሳይመለከት ሊቀበለው ይችላል። ይህ ግን የመኖር መብት አይሰጠውም። የጉብኝት ቪዛ በመንግሥት ትምህርት ቤት ገብቶ ለመማር አይሆንም፤ እዚያው ሆኖም ወደ ተማሪ ቪዛ አይቀየርም። የልጆች የተማሪ ቪዛ የሚባለው የሚሰጠው ለግል፣ ማለትም ለሚከፈልባቸው ትምህርት ቤቶች ነው። ደላላው ይህን የሚነግርዎት ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ነው።

ወደ አድራሻው ልምጣ። ካውንስሉ ልጁ በእርግጥ የሚያድርበትን ቤት የሚያረጋግጥ ማስረጃ ይጠይቃል። በሐሰት ወይም በሚያሳስት መረጃ የተገኘ ቦታ ደግሞ ልጁ ትምህርት ከጀመረ በኋላም ሊነጠቅ ይችላል። ቤት ገዝተው ሳይኖሩበት አድራሻውን ለመጠቀም የሚያስቡም እንዳሉ አውቃለሁ፤ የቤት ካርታ መያዝ ብቻውን ነዋሪ አያደርግም።

ሦስተኛው ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ ይልቅ እንግዳ ነው። በእኛ ባህል የአክስት ልጅ እኅት ናት፤ ልጅ ለእርሷ አደራ መስጠትም ነውር የለበትም። በእንግሊዝ ሕግ ግን የቅርብ ዘመድ የሚባሉት አያት፣ እኅትና ወንድም፣ አክስትና አጎት እንዲሁም የእንጀራ ወላጅ ናቸው። የአክስትዎ ልጅም ሆነች የክርስትና እናት ከዚህ ውስጥ አይገቡም። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከእነዚህ ውጭ ካለ ሰው ጋር ለ28 ቀንና ከዚያ በላይ የሚቀመጥ ከሆነ ለካውንስሉ አስቀድሞ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛም ቤቱን መጥቶ ይጎበኛል። ማሳወቁ ችግር የለውም፤ ሕግ መጣስ የሚሆነው መደበቁ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ልጁ ነው። «ሲጠይቁህ እናቴ ናት በል» ተብሎ የተላከ የ10 ዓመት ልጅ አጋጥሞኛል። ተመልሶ ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ ሲገባ ጓደኞቹ በአንድ ክፍል ቀድመውት ነበር፤ እዚያ ስለነበረው ነገር ስጠይቀው መጀመሪያ ዞር ብሎ የእናቱን ፊት አየ። እርስዎም ሆኑ ባለቤትዎ ልጅ ይዞ ለመኖር የሚያስችል ቪዛ ስታገኙ ደውሉልኝ፤ ያን ጊዜ ስለ ፈተናው በደስታ እንነጋገራለን።

ከአቃቂ የደወሉ አባት፦ ፈተናውን አዲስ አበባ ሆኖ መውሰድ ይቻላል?

በአብዛኛው አይቻልም። ትምህርት ቤቱን በኢሜይል ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። ለመፈተን ገብቶ መውጣትና ለመማር መቅረት ግን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፦ ቪዛ ከፈተና ይቀድማል።

ከኮየ ፈጬ የደወሉ እናት፦ ልጄ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነው። ሌላ ዝግጅት ያስፈልገዋል?

ያስፈልገዋል። አብዛኞቹ ፈተናዎች ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ በተጨማሪ በቃላትና በሥዕል የማመዛዘን ጥያቄዎችን ይይዛሉ፤ እነዚህን እዚህ በክፍል ውስጥ አናስተምራቸውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍጥነት ይጠይቃሉ። አንድ ጎበዝ ልጅ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስፈትነው 12ኛውን ጥያቄ ዘለለ፤ በመልስ ወረቀቱ ላይ ግን መስመሩን አልዘለለም። የ13ኛውን መልስ በ12ኛው ቦታ አጠቆረ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ መስመር ተዛነፈ። ሒሳቡን በሚገባ ሠርቶት ነበር። ስለዚህ መጻሕፍት ከመደርደር ይልቅ ሰዓት ይዘው፣ በመልስ ወረቀት ላይ እንዲያጠቁር ያለማምዱት፤ እሑድን ግን ያሳርፉት።

ከገላን የደወሉ አባት፦ በልጄ ፓስፖርት ላይ የአባት ስም የእኔ ስም ነው፤ በእኔ ላይ ያለው ግን የአባቴ ነው። ያስቸግረናል?

የአሰያየም ሥርዓታችንን የማያውቅ ሠራተኛ ሊጠይቃችሁ ይችላል። የተተረጎመና የተረጋገጠ የልደት ምስክር ወረቀት ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ።

ከጀሞ የደወሉ እናት፦ ልጄ 16 ሊሞላት ነው። አልፎባታል?

አላለፈባትም። ብዙ ግራመር ትምህርት ቤቶች ለመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት አዲስ ተማሪዎችን በውጤት ይቀበላሉ። ትራንስክሪፕቷን አስተርጉመው ምን ያህል ውጤት እንደሚጠይቁ ትምህርት ቤቱን ይጠይቁ።

ከሰንዳፋ የደወሉ አባት፦ ባለቤቴ በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ እንግሊዝ ናት። ልጆቹን ወስዳ ፈተናውን ማስፈተን ትችላለች?

መልሱ እርሷ ቪዛውን ባገኘችበት ቀን ላይ የተመሠረተ ነው። ከማርች 11 ቀን 2024 ጀምሮ፣ በእነርሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በዚህ ሥራ አዲስ የገቡ ሰዎች ቤተሰብ ማስከተል አይችሉም፤ ከዚያ በፊት የገቡት ሁኔታ ግን የተለየ ነው። ይህን መዝኖ መልስ መስጠት የእኔ ሙያ ስላልሆነ፣ ባለቤትዎ የቪዛዋንና የሥራ ውሏን ወረቀት ይዛ እዚያው ሕጋዊ ፈቃድ ያለው የስደት ሕግ አማካሪ ወይም ጠበቃ ታነጋግር። የፈተናውን መጽሐፍ ከዚያ በፊት አይግዙ።