የምጣዱን ዕዳ ማድ ቤት ይክፈል

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የሽሮ ሜዳና የእንጦጦ ወጣቶች፤ እንደምን አደራችሁ።

የማድ ቤቱን ልጣጭ አበስብሰን ማዳበሪያ (ኮምፖስት) ወደምንሠራበት ክምር ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ልበል። የተራራው አፈር ለምን ከዳን ሲባል ጥፋቱን ሁሉ ባሕር ዛፍ ላይ መለጠፍ ለምዶብናል። ዛፉ ውኃ ይጠጣል፤ አልክድም። ግን ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ግንዱን ለምሰሶና ለማገር፣ ጭራሮውን ለማገዶ ስናወርድ ኖረናል። የረገፈውን ቅጠል እንኳ ጠርገን እንጀራ ጋገርንበት። አፈሩ ከራሱ ዛፍ የወደቀውን አልቀመሰም። ራቁቱን የቀረውንም የክረምት ጎርፍ አጥቦ አወረደው።

በአንጻሩ ጓሯችሁን እዩ። ጎመኑና ጌሾው እንዲህ የሚፋፋው ማን ዩሪያ ገዝቶለት ነው? አመዱና ልጣጩ የሚደፋው እዚያ ስለሆነ ነው። እንግዲህ የምጣዱን ዕዳ ማድ ቤት ይክፈል።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። ፌስታል! ልጣጩን በፌስታል ቋጥሮ ከነቋጠሮው ባልዲ ውስጥ መወርወር ምን የሚሉት ልማድ ነው? ቋጠሮው አየር አያስገባም፤ ከሦስት ወር በኋላ ሲፈታ ውስጡ ያለው ከርፍቶ ይወጣል እንጂ አይበሰብስም። የተበጣጠሰው ደግሞ አፈር ውስጥ ገብቶ የውኃውንም የሥሩንም መንገድ ይዘጋል። የባትሪ ድንጋይና የተሰበረ ብርጭቆ አብሮ ይመጣል፤ ክምሩን የሚያገላብጠው ልጅ ግን ጓንት የለውም! ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሲሞት አብረን አለቀስን። ከዚያም በኋላ ልጣጩንና ፌስታሉን በአንድ ቋጥረን መጣሉን አልተውንም። ሁለት ባልዲ ነው የምለምናችሁ፤ አንዱ ለሚበሰብሰው፣ ሌላው ለቀረው። ይህ ከብዶን ነው መሬት ደኸየ የምንለው?

አከማመሩ እንዲህ ነው። ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ከፍታው ከአንድ ሜትር የማያንስ፤ ካነሰ ሙቀት አይዝም። ከሥር አንድ ስንዝር ጭራሮ ለአየር። ከዚያ ለአንድ ባልዲ ልጣጭና የቡና አተላ ሁለት ባልዲ ጭድ፣ ደረቅ ሣር ወይም ሰጋቱራ እያፈራረቃችሁ፣ በየመሐሉ ጥቂት አፈር። አመድ በየንብርብሩ አንድ እፍኝ ይበቃል፤ ሲበዛ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይመጣል፣ እሱም የማዳበሪያው ኃይል ሲተንን ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ቶሎ አይበሰብስም፤ ጥቂት ብቻ፣ ተቆራርጦ። የሻገተ እንጀራ ይገባል፣ ግን ተቆራርሶ፤ እንደ ተጠቀለለ ከገባ ሊጥ ሆኖ አየር ይዘጋል። ዘይትና ጨው የበዛበት የወጥ ትራፊ፣ ሥጋና አጥንት አይገቡም። ውሻው ቀርቶ ጅቡ ወርዶ ይበትንባችኋል።

መሐሉ ላይ ረጅም ዱላ ተክላችሁ ተዉ። በሳምንቱ ስትመዙት ሞቅ ብሎ ወዝ ካለው ደኅና ነው። ሞቆ ግን ደርቆ ከወጣ ውኃ ጠምቶታል። ቀዝቅዞ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ውኃ በዝቶበታል፤ ገልብጡና ጭድ ጨምሩ። ሳይሸት እንዲሁ ከቀዘቀዘ እርጥብ ልጣጭ አንሶታል። በየሦስት ሳምንቱ ይገላበጥ፣ ዝናብ ሲመጣ ይሸፈን።

በአራት ወር ይደርሳል፤ የእንጦጦ ብርድ ሊያዘገየው ይችላል። መድረሱን ፌጦ ይነግራችኋል። አንድ ሲኒ ብስባሽ ላይ ፌጦ ዘርታችሁ ቤት ውስጥ አስቀምጡት፤ በአራት በአምስት ቀን እኩል ካልበቀለ አልበሰለም። ጥሬውን ሥሩ ላይ የደፋ ሰው ችግኙ ቢጫ ሲሆንበት ኮምፖስቱን አይውቀስ።

ተከላው አጭር ነው፤ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ፣ ሁለት አካፋ ብስባሽ ከላይኛው አፈር ጋር ተደባልቆ። ኮሶውና ወይራው ሐምሌ ላይ ስለሚተከሉ ክምሩ በዚህ በየካቲት መቆም አለበት። ጭዱ በሩ አጠገብ ተራግፏል፤ ውኃ ግን ገና አልመጣም። ጀሪካን ይዛችሁ የመጣችሁ ወደዚህ ቅረቡ።